ያመለጠው መሮ

እናቴ ቤታችን ለመጣ እንግዳ መጀመሪያ የምታስተዋውቀው ምሰሶውን ነው። እኛ ልጆቿ ከዚያ በኋላ ነን፤ ያውም ጊዜ ከተረፈ። የዚያን ዕለት ጠዋትም የቅርስ ባለሙያው ጫማውን በሩ ላይ ጠርጎ ሳይጨርስ ክንዱን ይዛ መሃል ክፍል አደረሰችውና፣ «ይኸውልህ ልጄ፣ አባቴ ይሄ ነው» አለችው።

ባለሙያው ቢበዛ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አጉሊ መነጽር በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው። ምሰሶውን ከጣሪያው እስከ ወለሉ ቀስ ብሎ አየው። እዚያ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ «ውይ!» ሳይል አያልፍም፤ እሱ አላለም። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

ከዚያ ሰው የምንፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ሰፈራችን ለአዲስ ግንባታ እንዲጸዳ ተወስኗል። በግራም በቀኝም የነበሩት ጎረቤቶች ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል፤ ከአጥራችን ማዶ ዶዘሩ ከጠዋት ጀምሮ ያጓራል፣ በየደቂቃው መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የእኛ ቤት በቅርስነት ከተመዘገበ ግን ይተርፋል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ የሚያየውም ይሄ ሰው የሚጽፈውን ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ካልቀናልን በሳምንቱ ዶዘሩ አጥሩን ይሻገራል። እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ቤት በእግሯ እንደማትወጣ ቁርጡን ነግራናለች፤ እሷ ደግሞ አለች ማለት አለች ነው።

ማመልከቻውን የጻፈው ታናሽ ወንድሜ ነው። ጠበቃው እንለዋለን። ጠበቃ እንኳ አይደለም፤ የጽሕፈት ዕቃ መደብር ነው ያለው። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ «ይህ ብቻ አይደለም» ሳይል ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አያውቅም። ማመልከቻው ላይ በእናቴ ስም፣ «የቤቱ የመሃል ምሰሶ አባቴ ካቆሙት ዕለት ጀምሮ የማንም እጅ አልነካውም» ብሎ ጻፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን፤ እናቴም በደስታ ፈረመች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

የማንም እጅ አልነካውም! ምሰሶውን ከነአበባው የቀረጽኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ አናጺ ነበር። ቤቱን በገዛ እጁ ሠራ፤ የመሃል ክፍሉን ምሰሶ ደግሞ በሰው ደረት ትክክል ላይ ስምንት ቅጠል ያላት ትልቅ አበባ ቀረጸበት። አባቴም አናጺ ነበር፤ የአያቴ ተማሪ ሆኖ መጥቶ ልጁን አገባና እዚሁ ቀረ። እኔም መሮና መዶሻ ይዤ አደግኩ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት እናቴ እግሯ የተሰበረ እህቷን ልታስታምም ሄደች። አንድ ቀን አባቴ ምሰሶውን በጣቱ አንኳኳውና ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ወስፌ ሰካበት፤ ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። ምስጥ ውስጡን ሙልጭ አድርጎ በልቶት የቀረው ቅርፊቱ ነበር።

ለእናቴ መንገር ማለት ምሰሶውን ማንም እንዳይነካው ማስከልከል ማለት ነው። ጣሪያው ይውደቅብኝ ትላለች እንጂ አባቷን አታስነካም። በየጠዋቱ ስታልፍ በመዳፏ ትደባብሰዋለች፤ ሲከፋት ግንባሯን ታስደግፈዋለች። አባቴ ደግሞ በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር እሷን ነበር። ስለዚህ ሳትመለስ እንጨርሰው አለ። ጣሪያውን በመኪና ክሪክና በሁለት ወፍራም እንጨት ደግፈን አሮጌውን አወረድን። አበባዋን በወረቀትና በእርሳስ ገለበጥናት። የአባቴ እጅ ያኔም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቅርጹ ለእኔ ወደቀ። አዲሱን እንጨት አሮጌ ለማስመሰል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባነው፣ በፈላ ሻይ ቅጠል አሸነው፣ ከዚያ አባቴ ባሮጌ ሱሪው ሁለት ቀን ሙሉ ሲወለውለው ዋለ። እሷ ነገ ልትገባ ዛሬ፣ የመጨረሻዋን ቅጠል ሳስተካክል መሮው አመለጠኝና ሦስተኛዋን ቅጠል ከጫፍ እስከ ወገቧ ጫረብኝ። እንደገና ለመጀመር ጊዜ አልነበረም። አባቴ፣ «ተይው፣ አታየውም» አለኝ።

አየችው። ወይም ጣቷ አገኘው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት እየደባበሰች ስታልፍ ጣቷ ጭረቱ ላይ ቆመ። አባቴ ጓሮ ገብቶ ጠፋ፤ እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ግን ፊቷ በራ። «ለካ እዚህ ጋ ነው!» አለች። አያቴ እሷ በተወለደችበት ቀን ምሰሶውን ሲቀርጽ አውራ ጣቱን ቆርጦ ኖሯል፤ ጠባሳውን ልጅ ሆና ታውቀዋለች። እና ጭረቱን ስታገኝ ሁለቱን አገጣጠመቻቸው። ሴት ልጅ ተወለደችልህ ብለው ከጓዳ ሲጠሩት በደስታ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ መሮው ቅጠሏን ጫረና ጣቱን በላው አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን ያልሰማ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ውሃ ቆጣሪ አንባቢ የለም። በየዓመቱም አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ አሁንማ አያቴ እያለቀሰ ነበር፣ ዝናብም ይዘንብ ነበር። የእኔ ስህተት የእናቴ የልደት ቀን ምስክር ሆኖ ቀረ።

ባለሙያው ወደ ምሰሶው ተጠጋ። ጣቱን ሦስተኛዋ ቅጠል ላይ አደረገና፣ «ይሄ ጭረት ምንድን ነው እማማ?» አላት።

እናቴ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ነው የሚመስለው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ዝናቡን፣ ልቅሶውን፣ ከጓዳ የመጣውን ጥሪ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱ እያዳመጠ ሁሉንም ጻፈ። ወንድሜ ከኋላ እየተቁነጠነጠ፣ «ይህ ብቻ አይደለም፣ በፎቶም የተደገፈ ነው» አለ።

«የትኛው ፎቶ?» አልኩ እኔ።

«እትዬ፣ አላሳየሁሽም እንዴ? ከአክስታችን ሻንጣ ውስጥ ያገኘሁት! አያታችን ምሰሶው ሥር ቁጭ ብለው፣ እማዬ ጭናቸው ላይ። ከማመልከቻው ጋር አያይዤዋለሁ።» እትዬ የሚለኝ ሲቸግረው ወይም ሲኮራ ነው። ያን ጊዜ ኮርቶ ነበር።

ባለሙያው ፋይሉን ከፍቶ ፎቶውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አጉሊ መነጽሩን አንስቶ አጎነበሰበት። ረጅም ጊዜ አጎነበሰ። ዶዘሩ አንድ ግድግዳ ሲንድ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ግን ቀና አላለም። የሚያየውን ሳላይ አወቅኩት፤ ከእኔ በፊት በተነሳ ፎቶ ላይ የእኔ ጭረት ከየት ይመጣል?

«እማማ፣ ይህች ልጅ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኛ! ሰባት ዓመቴ። ጫማውን አየኸው? ያን ቀን የገዛልኝ ነው።»

«ታዲያ ሦስተኛዋ ቅጠል እዚህ ላይ ደህና ናት» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ላለመስበር እንደሚጠነቀቅ። «ጭረት የላትም። እርስዎ ሰባት ዓመትዎ ነው፣ ጭረቱ ደግሞ በተወለዱ ቀን ነው የመጣው ብለውኛል።»

ወንድሜ ቀድሞኝ ጣልቃ ገባ። «ይህ እኮ የቆየ ፎቶ ነው፣ ደብዝዟል። ይህ ብቻ አይደለም፣ ብርሃኑም...»

«የሌሎቹ የሰባቱም ቅጠሎች ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል። የዚችም እንደዚያው።» ባለሙያው ወደ ምሰሶው ተመለሰና በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳው። ድፍን፣ ጤነኛ ድምፅ መለሰለት። ያን ድምፅ እኔ ስንት ዓመት ኮርቼበታለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ግን ሰማንያ ሦስት ዓመት የኖረ እንጨት እንዲህ ጤነኛ መሆኑን ጠላሁት። «ባለፈው ዓመት አንድ ቤት አዲስ እንጨት በጭስ አጥቁረው አሮጌ ነው ብለው አስገብተውልን ነበር» አለ። «እዚህ የተፈረመበት ማመልከቻ አለ፤ የማንም እጅ አልነካውም ይላል። ፎቶውም የእንጨቱ ድምፅም ግን ይሄ ምሰሶ ያኛው አይደለም ይላሉ። የማስመሰል ጥርጣሬ አለ ብዬ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ይላል ይሄ ሰው?» አለች እናቴ ወደ እኔ ዞራ። «የአባቴን ምሰሶ ውሸት ነው ይላል?»

ባለሙያው እስክሪብቶውን ከፈተ። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ዝም ካልኩ ቤቱ ይሄዳል። ከተናገርኩ እናቴን አባቷን ከእጇ እነጥቃታለሁ፤ ያውም በሰው ፊት። እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ ዝም ልል አስቤ ነበር። ቤት ይፍረስ፣ እሷ ግን አትወቅ አልኩ በልቤ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ አየሁትና አፌ እኔን ሳያማክረኝ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ የቀረጽኩት» አልኩ። «ከዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት። ከአባቴ ጋር።»

ነገርኳቸው፤ ምስጡን፣ ወስፌውን፣ ክሪኩን፣ የተቃጠለውን ዘይት፣ ያመለጠኝን መሮ። ስናገር ባለሙያውን ብቻ ነበር የማየው፤ በግራዬ በኩል እናቴ መኖሯን ማየት አልደፈርኩም። ወንድሜ ያኔ ሌላ ከተማ ተማሪ ቤት ስለነበር ምንም አያውቅም።

ባለሙያው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «መጠገን ጥፋት አይደለም እኮ» አለኝ። «ቤት ያለ ጥገና ሰማንያ ዓመት አይቆምም። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጠገነው ከታወቀ እሱም የቤቱ ታሪክ ነው። ጥፋቱ አልተነካም ብሎ መፈረም ነው።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «እማማ፣ ፈርመው ያስገቡት እርስዎ ነዎት። የልጅዎ ቃል ብቻውን አይበቃኝም። ያን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው፣ የጭረቱንም ታሪክ ሰርዘው፣ ምሰሶው ተተክቷል ብለው ከፈረሙልኝ ዛሬውኑ አደርሰዋለሁ።»

«አልፈርምም።»

«እማዬ...» አለ ወንድሜ።

«አልፈርምም አልኩ! ውሸቷን ነው። ሰውየው ሲያጠብቅባት ፈርታ የፈጠረችው ነው።» ከወንበሯ ተነስታ ምሰሶውን በአንድ እጇ ያዘች። «እንኳን ይሄን! አንቺ ነሽ ይሄን አበባ የምትቀርጪ? አንቺ? ለጎረቤት ቁም ሳጥን ስትመቺ ነው የማውቅሽ! የአባቴን እጅ አላውቀውም?»

ደሜ ፈላ። አሁን ሳስበው ማልቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው እየዳሰሰ «ዛሬ እንዲህ ያለ እጅ የለም» ሲል ጥግ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ እሷም እያየችኝ «የለም» ብላለች። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። የምትመለስ ሰው አወጣጥ አልነበረም፤ ወንድሜ ጥላን ሄደች ብሎ «እትዬ! እትዬ!» እያለ እስከ በረንዳው ተከተለኝ። በግቢው ጥግ ካለችው የሥራ ቤቴ ከጠረጴዛ ሥራ የተረፈ አንድ የእንጨት ቁራጭ፣ መዶሻዬንና ሁለት መሮ ይዤ ተመለስኩና ጠረጴዛው ላይ ከፎቶው አጠገብ ዘረገፍኳቸው።

«ነይ ቁጭ በይ» አልኳት።

«ሰዓት እየሄደብን ነው» አለ ባለሙያው።

«አንድ ቅጠል ነው። አንድ።»

ያለ ንድፍ፣ ያለ እርሳስ ጀመርኩ። እጄ አበባዋን ያውቃታል፤ ከጭንቅላቴ ተጠርጎ ቢጠፋ እንኳ ከእጄ አይጠፋም። እኔ ግራኝ ነኝ። መዶሻውን በግራ ስለምይዝ የምቀርጸው ቅጠል ሁሉ ጫፉ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ አባቴ ስንቴ ተቆጥቶኝ አልለቅ ያለኝ አመል ነው። ዶዘሩ ያጓራል፣ ወንድሜ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል፣ እናቴ ምሰሶውን እንደያዘች ቆማ እጄን ታያለች። ፍቅፋቂው ጭኔ ላይ ይወድቃል። ግንባሬ ላይ ያለው ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አልጠረግኩትም። ሩብ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። እፍ አልኩበትና እንጨቱን ለእናቴ ሰጠኋት።

የእናቴ ዓይን ደክሟል፤ ጣቷ ግን አልደከመም። አንዱን እጇን ምሰሶው ላይ፣ ሌላውን እኔ የሰጠኋት እንጨት ላይ አደረገች። ሁለቱም ጣቶቿ ከቅጠሉ ወገብ ተነስተው እኩል ወጡ፣ እኩል ጫፉ ጋ ደረሱ፣ እኩል ወደ ቀኝ አዘነበሉ። እንደገና ደገመችው። ሦስተኛም ደገመችው። ከዚያ ከምሰሶው ላይ እጇን ቀስ ብላ አነሳች፤ በሕይወቴ እጇን ከዚያ ምሰሶ ላይ እንደዚያ ስታነሳ አይቻት አላውቅም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ ፈራሽ።»

«እሱስ ይፍራ። እሱ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አንቺስ?»

ባለሙያው ፎቶውን የሚያይ መስሎ አቀረቀረ፤ ወንድሜም ኮርኒስ ይቆጥራል። የሚያምር ሰበብ ፈለግኩ፤ ጤናሽን ብዬ ነው፣ ልብሽን ብዬ ነው የሚሉት ዓይነት። አልመጣልኝም። «በየጠዋቱ ስትደባብሺው እኔን የደባበስሽኝ ይመስለኝ ነበር» አልኳት። «ከነገርኩሽ ይቀርብኛል ብዬ ነው።» ይህን ስናገር የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት መሆኔን ረስቼው ነበር፤ አፍሬም ነበር፣ አሁንም አፍራለሁ።

እናቴ ተቀመጠች። እንጨቱን ጭኗ ላይ አደረገችና ረጅም ጊዜ አየችው። ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። ሰባት ሰዓት አልፏል።

«መሮው ለምን አመለጠሽ?» አለች በመጨረሻ። «እንዲህ የምትቀርጪ ሆነሽ መሮ አያመልጥሽም።»

ሙያዬን ስታሞግስ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት፤ ያውም በወቀሳ መልክ። እውነቱን ከጀመርኩት ልጨርሰው አልኩ። «ስስቅ ነው።»

«ስትስቂ?»

«አባዬ ነው ያሳቀኝ። ነገ ትመጣለች ብለን ሁለታችንም በፍርሃት ልንሞት ነበር። እሱ በዚያ በር ወጣና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አንቺን ሆኖ ገባ። ‹ማነው የአባቴን ምሰሶ የነካ?› አለ በአንቺ ድምፅ፣ በአንቺ አረማመድ። ሳቄ አመለጠኝ፣ መሮውም አብሮ አመለጠኝ።»

እናቴ በሩን ዞራ አየችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትገባና ስትወጣበት የኖረችውን በር። ልታለቅስ ይሁን ልትራገም አላወቅኩም። ከዚያ እጇን ወደ ባለሙያው ዘረጋች።

«ወረቀቱን አምጣው» አለችው። «የአባቴን ሰርዘው። ይሄን ጻፍ። ባልየው ሚስቱን ፈርቶ ምሰሶውን በድብቅ ቀየረ፤ ልጅቷ ቀረጸችው፤ ባልየው ሚስቱን ሲያስመስል ልጅቷ ሳቀችና መሮው አመለጣት። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሕጋዊ ሰነድ ነው» አለ ወንድሜ። «‹ሚስቱን ፈርቶ› የሚለው እንኳ...»

«አንተ ዝም በል! አልነካውም ብለህ ያስፈረምከኝ አንተ ነህ።»

ባለሙያው ቃል በቃል ጻፈው። «ሚስቱን ፈርቶ» የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ቆም አለ፤ ግን ጻፈው። በድሮው ዓረፍተ ነገር ላይ መስመር አሰመረበት። እናቴ በእርጋታ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየተጫነች ፈረመች። የእኔንም ስም፣ አናጺ ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣ አስጻፈችና እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ባለሙያው ፋይሉን ብብቱ ሥር አድርጎ እየሮጠ ወጣ፤ ወንድሜ ካላደረስኩህ ብሎ መኪናውን ሊያስነሳ ተከተለው።

ሁለታችን ቀረን። ፍቅፋቂውን መጥረግ ጀመርኩ፤ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነው።

«አሮጌውን የት አደረጋችሁት?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ነበር ከሁሉ በላይ የፈራሁት። «አቃጠልነው። ጓሮ። ምስጡ ወደ ሌላው እንጨት እንዳይዛመት።»

«አበባዋንስ?»

«አበባዋንም። ስንነካት ትፈረፈር ነበር እማዬ። የሚተርፍ ነገር አልነበራትም።»

ያኔ አለቀሰች። አባቴ ሲቀበር ያላለቀሰችውን ጨምራ አለቀሰች። ላባብላት ጠጋ ስል በእጇ መለሰችኝ፤ መብቷ ነው። አባቷን ያለ እሷ ዳግመኛ ቀብረን ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖረናል፤ እርሟን የምታወጣበት እንኳ አልሰጠናትም። ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆምኩና እስኪወጣላት ጠበቅኩ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነበር፤ እየጮኸ ስለነበር እሷም ሰማችው። ተመዝግቧል። በአንድ ድምፅ። ይህ ብቻ አይደለም፣ ሰብሳቢው ሪፖርቱን ሲያነብ ኮሚቴው ስቋል። ስልኩን ዘጋሁ። ከአጥሩ ማዶ ዶዘሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሠራተኞቹ ሲነጋገሩ ይሰማል። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ሁለታችንም ከተቀመጥንበት አልተነሳንም።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ምሰሶውን አላየችውም፤ እኔን ነበር የምታየኝ።

«ተነሺ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«በሩ ጋ። እንዴት አድርጎ እንዳስመሰለኝ አሳዪኝ።»

«እማዬ፣ ተይ እባክሽ።»

«ተነሺ አልኩሽ!»

ተነሳሁ። ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ አገጬን ሽቅብ ሰቅዬ፣ አባቴ እንዳደረገው ተረከዜን እየረገጥኩ ገባሁ። «ማነው የአባቴን ምሰሶ የነካ?» አልኩ በእሷ ድምፅ።

እናቴ ሳትስቅ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ቀስ ብላ ተነሳች። አገጯን ሽቅብ ሰቀለች።

«እኔ እንደዚህ አልልም!» አለች። እጇ ወገቧ ላይ ነበር።